ከራጅ ፊልም እስከ ተጠቃሚ ምርጫ፦ የሕክምና ምስል ማሳያ ቃላት ታሪክ

መግቢያ

የአንድ ሙያ ቃላት ታሪክ የሙያው የራሱ ታሪክ ጥላ ነው። መሣሪያው ሲመጣ ስሙን ይዞ ይመጣል፤ ስሙ ከተለመደ በኋላ መሣሪያው ያረጅና ሌላ መሣሪያ በዚያው ስም ይጠራል። ከዚህ የተነሣ በአንድ የሙያ መስክ የሚነገሩትን ቃላት በተርታ አስቀምጦ የመረመረ ሰው፣ ዕውቀቱ ከየት እንደመጣ፣ በማን እጅ እንዳለፈና የት ላይ እንደቆመ ሊያነብባቸው ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ጠባብ መስክ ነው። የሰውነትን ውስጥ የሚያሳዩ ምስሎች ከፊልም ወደ ኮምፒዩተር ከተሻገሩ ወዲህ፣ ምስሉን የሚያነብበው ሐኪም ማሳያውን እንደ ልማዱና እንደ ፍላጎቱ የሚያሰናዳበት አንድ ክፍል በየሶፍትዌሩ ውስጥ አለ። በዚህ ክፍል የሚገኙት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ሆኖም እያንዳንዳቸው በሌላ ሥፍራ ሌላ ትርጉም ያላቸው በመሆናቸው ተርጓሚን በእጅጉ ያስቸግራሉ። ችግሩም የስያሜ ብቻ አይደለም። የተሳሳተ ቃል የተሳሳተ ቁልፍ ያስነካል፤ የተሳሳተ ቁልፍም የአንድን ሰው ግራ ሳንባ በቀኝ በኩል ሊያሳይ ይችላል።

ምሳሌውን በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ላይ ማድረጋችን ያለ ምክንያት አይደለም። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ አንድ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ሲደርስ ቢያንስ ሦስት ቋንቋዎች ይገናኛሉ። ሕመሙን ለአስታማሚው በአውኚ ይነግራል፤ ለሐኪሙ በአማርኛ ያስረዳል፤ ሐኪሙ ደግሞ በተማረበት በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ኮምፒዩተሩ በዚህ ላይ ሲጨመር፣ አውኚ ተናጋሪው ስሙን የሚያስመዘግብበት ፊደል እንኳ የምርጫና የቅንብር ጉዳይ ይሆናል።

፩. «ራጅ» የሚለው ቃል

ዊልሄልም ሮንትገን ያልታወቀውን ጨረር በጀርመን አገር በቩርዝበርግ ያየው በኖቬምበር 8 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጠባዩን ገና ስላላወቀው፣ በሒሳብ ያልታወቀ መጠን በሚጠራበት ፊደል «ኤክስ» አለው። ጀርመኖችና ሩሲያውያን ጨረሩን በሰውየው ስም ሲጠሩት፣ እንግሊዞች «ያልታወቀ» የሚለውን ምልክት ይዘው ቀሩ።

በዚያው በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ጦርነት ሆነ። ከዚህ ጦርነት ቆስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣሊያ ወታደሮች መካከል ሁለቱ በሜይ 1896 እ.ኤ.አ. በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ቀረቡ፤ ጁዜፔ አልቫሮ የተባለው የጦር ሐኪም በክንዳቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት በአዲሱ ጨረር ፈልጎ አገኘ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ጨረሩ ለጦር ሕክምና ያገለገለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ይህ እንደሆነ ይመዘግባሉ። ስለዚህ ጨረሩ ገና የሰባት ወር ዕድሜ ሳይሞላው ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ተገናኝቷል ማለት ይቻላል።

የአማርኛው ስም ምንጭም ወደዚያው አገር ይመራል። በኢጣሊያንኛ «ጨረሮች» ማለት «ራጂ» ነው። የእንግሊዝኛው ስም «ጅ» የሚል ድምፅ የለውም፤ የፈረንሳይኛው «ሬዮን»ም የለውም። አማርኛችን «ራጅ» ያለው የኢጣሊያንኛውን ቃል ተቀብሎ የመጨረሻውን አናባቢ በመጣል ነው። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ቦሎ የሚሉት ቃላት ከመኪና ጋር በገቡበት መንገድ ራጅም ከመሣሪያው ጋር ገብቷል። የዳንግላ ከተማ ራሷ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የኢጣሊያ ጦር ሰፍሮባት የነበረች በመሆኗ፣ እንዲህ ያሉ ቃላት በዋና ከተማ ብቻ ተወስነው የቀሩ አለመሆናቸውን ለማስታወስ ትበቃለች።

ለቃላት ጥናት ይበልጥ የሚያስደንቀው ቃሉ ከገባ በኋላ የሄደበት መንገድ ነው። አማርኛ «ያልታወቀ» የሚለውን ምልክት ጣለና «ጨረሮች» የሚለውን ብቻ አስቀረ፤ ቀጥሎም የጨረርነቱን ፍች ራሱን ጣለው። ዛሬ ራጅ ሲባል ጨረሩን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። «ራጅ ክፍል» ሲባል ሥፍራው ነው፤ «ራጁ ተበላሸ» ሲባል መሣሪያው ነው፤ «ራጁን ይዘህ ና» ሲባል ፊልሙ ነው። ጨረር የሚለው ነባር ቃል በፊዚክስ መማሪያና በካንሰር ሕክምና ክፍል «የጨረር ሕክምና» በሚል ስያሜ ሲያገለግል፣ ራጅ ለምስል ብቻ ቀረ። ይህን ክፍፍል ማንም ጉባኤ ተቀምጦ አልወሰነውም። ተናጋሪው ራሱ ሁለት ቃላት ሲያገኝ ለሁለት ሥራ አሰማራቸው። «ክኒን» የሚለውም ቃል እንዲሁ ለወባ ከሚሰጠው ከኪኒን መድኃኒት ስም ተነሥቶ ማናቸውንም የሚዋጥ መድኃኒት መጠሪያ ሆኗል።

ግሱም ልብ ሊባል ይገባዋል። ፎቶግራፍ «እንነሣለን»፤ ራጅም «እንነሣለን»። ባለሙያው ያነሣል፣ ሕመምተኛው ይነሣል። ምስሉ ከሰውየው ላይ እንደሚነሣ ዕቃ ይታያል። በዚህ የተነሣ አንድ እግሩ የተሰበረና ከአልጋው መነሣት የማይችል ሰው «ራጅ ተነሣ» ቢባል፣ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ ያለ ምንም ጥርጣሬ ይረዳዋል። የቋንቋ ልማድ ሥር ከሰደደ አሻሚነት እንደማያስፈራው ይህ አንድ ማስረጃ ነው። ልማድ ባልጸናበት በኮምፒዩተሩ ማሳያ ላይ ግን ነገሩ የተለየ ነው፤ ወደ እርሱ እንመጣለን።

፪. ከመብራት ሣጥን ወደ ማሳያ

የራጅ ፊልም ለብዙ ዘመን የተነበበው ከበስተ ኋላው ብርሃን በሚሰጥ ሣጥን ላይ ተሰቅሎ ነው። ሣጥኑ በሌለበት ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮት ያነሣና በቀን ብርሃን ያየዋል። በዚያ ዘመን «ምርጫ» የሚባል ነገር በቃል ደረጃ አልነበረም፤ በተግባር ግን ነበረ። አንዱ ሐኪም አሮጌውን ፊልም በግራ፣ አዲሱን በቀኝ እንዲሰቀልለት ይሻል፤ ሌላው ከላይና ከታች ይለዋል። ፊልም የሚሰቅለው ሠራተኛ የየሐኪሙን ጠባይ በቃሉ ያውቅ ነበር። የዛሬው ሶፍትዌር የተጠቃሚ ምርጫ የዚያ ሠራተኛ ትዝታ በማሽን ተጽፎ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ለውጡ የመጣው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ምስሉ ራሱ ቁጥር ሆነ። ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው መሣሪያ በኦክቶበር 1 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. በለንደን በአንድ ሕመምተኛ ጭንቅላት ላይ ተሞከረ፤ ሃውንስፊልድም ከአለን ኮርማክ ጋር በ1979 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ሲቲ ስካን በምንለው በዚህ መሣሪያ እያንዳንዱ የምስል ነጥብ በመለኪያ የሚነገር ዋጋ አለው፤ ውኃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው፤ አጥንት ከውኃ በላይ በመቶዎችና ከዚያም በላይ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ደረጃ የጋራ ደንብ መውጣቱ ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ ምስሉን በራሱ መንገድ ይጽፈው ስለነበር፣ የአንዱ መሣሪያ ምስል በሌላው ሊከፈት አይችልም ነበር። በአሜሪካ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ኮሌጅና የኤሌክትሪክ ዕቃ ሠሪዎች ማኅበር በ1983 እ.ኤ.አ. የጋራ ኮሚቴ አቋቁመው በ1985 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ደንብ አወጡ። ይኸው ደንብ ተሻሽሎ በ1993 እ.ኤ.አ. «ዳይኮም» የሚለውን ስም ያዘ፤ እስከ ዛሬም የሕክምና ምስል የጋራ ቋንቋ እርሱ ነው። ደንቡ ከወጣ በኋላ ምስሉን ከመሣሪያው ሠሪ ውጭ የሆነ ሶፍትዌር ሊያነብበው ቻለ። በ2004 እ.ኤ.አ. ለሙያው ዓለም የተዋወቀው ኦሲሪክስ፣ ኋላም በጄኔቭ የተሠራው ዌሲስና ሌሎችም በዚህ በር የገቡ ናቸው። እንዲህ ያሉት ሶፍትዌሮች ለብዙ ሰው እንዲያገለግሉ የተሠሩ በመሆናቸው፣ የእያንዳንዱን ሰው ልማድ የሚቀበል ክፍል አስፈለጋቸው።

፫. ምርጫ፣ ቅንብርና ነባሪ

በዚህ ክፍል በር ላይ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ቃል «ከሌላው አስበልጦ መውደድ» ከሚል ግስ የወጣ ነው። በአማርኛ የተተረጎሙ የስልክና የኮምፒዩተር ሥርዓቶች «ምርጫዎች» በማለት ይተረጉሙታል። ምርጫ በአገራችን ጋዜጣና ራዲዮ ከሁሉ አስቀድሞ የሕዝብ እንደራሴ የሚመረጥበትን ሥርዓት ያስታውሳል፤ ነገር ግን «የተጠቃሚ» የሚለው ቃል ሲጨመርለት ይህ ጥላ ይገፈፋል። በመሆኑም «የተጠቃሚ ምርጫ» የሚለውን ለመለወጥ የሚያበቃ ምክንያት አናይም።

«ቅንብር» ግን ሌላ ነገር ነው። ቃሉ አስቀድሞ በሙዚቃና በድርሰት መስክ የታወቀ ነው፤ «የዜማ ቅንብር» ሲባል የተለያዩ ድምፆችን አስማምቶ ማዋቀር ማለት ነው። ተነባቢዎቹም የቀንበር ተነባቢዎች ናቸው። ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር እንደሚጠመድ፣ ብዙ የማሳያ ጠባዮች በአንድ ሥርዓት ይጠመዳሉ። በሶፍትዌር ትርጉም ቅንብርና ምርጫ አንዳንዴ እየተቀያየሩ ሲጻፉ ይታያል፤ ይህ ግን መታረም አለበት። ምርጫ የሰው ነው፤ ቅንብር የመሣሪያው ነው። አንድ ሐኪም ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ቢዛወር ምርጫው አብሮት ሊሄድ ይችላል፤ የማሳያው የብርሃን መለኪያ ቅንብር ግን እዚያው ከማሳያው ጋር ይቀራል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ማሳያ ጥቁሩንና ነጩን የሚያወጣበት መጠን የተለያየ ነው። ዳይኮምም ይህንኑ አውቆ ለግራጫ ደረጃዎች አንድ የጋራ የማሳያ መለኪያ ደንግጓል። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ተርጓሚ አንዱን ሐኪም የሌላውን ሁሉ ማሳያ እንዲያበላሽ ሊጋብዘው ይችላል።

«ነባሪ» የሚለው ትርጉም ከሦስቱ ሁሉ የተዋጣለት ይመስለናል። የእንግሊዝኛው ቃል መነሻ «መጉደል፣ መቅረት» ነው፤ ተጠቃሚው ሳይመርጥ ሲቀር የሚሆነውን ያመለክታል። አማርኛው ግን ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ነበረ፣ ማለት ተቀመጠ፣ ቆየ ከሚለው ግስ ወጥቶ «ካልነኩት ባለበት የሚቆየው» የሚል ፍች ሰጠ። እንግሊዝኛው በሰውየው ጉድለት ሲሰይም አማርኛው በነገሩ ጽናት ሰየመው። ቃሉን ሲሰሙ ዓሣ ነባሪን የሚያስታውሱ አሉ፤ ይህ ለሳቅ እንጂ ለስሕተት የሚያደርስ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገናኙበት አጋጣሚ የለምና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ተርጓሚን የሚያሰናክለው የምስሎች አሰላለፍ ደንብ ነው። ከላይ እንዳልነው ፊልም ይሰቀል ስለነበር፣ እንግሊዝኛው ምስሎቹ በማሳያው ላይ የሚደረደሩበትን ደንብ ዛሬም «የመስቀል ደንብ» ይለዋል፤ ፊልሙ ቢጠፋም ግሱ ቀርቷል። ዳይኮምም በዚሁ ስም አጽንቶታል። ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ የመለሰ ሰው ምን እንደሚገጥመው አንባቢ ይገምታል። «የስቅላት ደንብ» ቢል የሞት ፍርድ ይሆናል፤ «የስቅለት ሥርዓት» ቢል የዓርብ ጸሎት ይሆናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ከፊልሙ ጋር ስለኖረ ግሱን ያለ ሐሳብ ይናገረዋል፤ እኛ ግን ፊልሙን ያለፍነውን ያህል ግሱንም ማለፍ እንችላለን። «የምስል አደራደር ደንብ» የሚለው ሥራውን በቀጥታ ይናገራል።

፬. መስኮት፣ ንጽጽርና ግልባጭ

ሲቲ ስካን ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚሰጠው ዋጋ በሺዎች ደረጃ ይቆጠራል፤ የተለመደ የኮምፒዩተር ማሳያ ግን ከጥቁር እስከ ነጭ 256 ደረጃ ብቻ ያሳያል፤ የሰው ዓይን ደግሞ በአንድ ጊዜ ከዚያም ያነሰ ይለያል። ስለዚህ ሐኪሙ ከዋጋዎቹ መካከል አንድ ክልል መርጦ ያንን ብቻ ከጥቁር እስከ ነጭ እንዲዘረጋ ያዝዛል። ለአንጎል የተለመደው ክልል መሀሉ 40፣ ስፋቱ 80 ነው፤ ይህም ከ0 እስከ 80 ያለውን ብቻ ያሳያል። ለሳንባ ግን መሀሉን ከዜሮ በታች 600፣ ስፋቱን 1500 ማድረግ የተለመደ ነው። በአንጎል ክልል የታየ ሳንባ ድፍን ጥቁር ይሆናል፤ በሳንባ ክልል የታየ አንጎል ድፍን ግራጫ ይሆንና የፈሰሰ ደም ቢኖርም ሊሰወር ይችላል።

እንግሊዝኛው ይህን ክልል «መስኮት» ይለዋል። በኮምፒዩተር አማርኛ ግን መስኮት ሌላ ቦታ ተይዟል፤ በማሳያው ላይ የሚከፈተውና የሚዘጋው አራት ማዕዘን መስኮት ተብሏል። በአንድ ማሳያ ላይ «መስኮቱን አስፋ» የሚል ትእዛዝ ቢጻፍ፣ አንዱ ሐኪም አራት ማዕዘኑን ሲያሰፋ ሌላው የግራጫውን ክልል ያሰፋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሁለቱን በልማድ ይለያል፤ እኛ ግን ልማዱ ገና ሳይጸና ሁለት ቃል ልናደርግ የምንችልበት ዕድል አለን። ለግራጫው «የጥላ ክልል» ቢባል፣ «ስፋት» እና «መሀል» የሚሉት ጓደኞቹ ያለ ችግር ይከተሉታል። ራጅ ከጥንቱም የጥላ ምስል ነውና ቃሉ እንግዳ አይሆንም።

«ንጽጽር» የከፋ ነው። በተለመደው የሶፍትዌር ትርጉም ንጽጽር ማለት በብሩህና በጨለማ ክፍል መካከል ያለው ልዩነት ነው። በአማርኛ ሰዋስውና በዕለት ንግግር ግን ንጽጽር ሁለት ነገርን ማመዛዘን ነው፤ የሕክምና ምስል ማሳያም የዛሬውን ምስል ከአምናው ጋር የሚያመዛዝን ትእዛዝ አለው። ሦስተኛው ደግሞ ለሕመምተኛው በደም ሥር ወይም በአፍ የሚሰጠውና ደም ሥሮችንና አንጀትን አጉልቶ የሚያሳየው መድኃኒት ነው፤ እንግሊዝኛው ይህንንም በዚያው ቃል ይጠራዋል። አንድ ተርጓሚ ሦስቱንም ንጽጽር ቢላቸው፣ «ያለ ንጽጽር የተነሣ» የሚል ጽሑፍ በምስሉ ላይ ሲነበብ ምስሉ የደበዘዘ ነው፣ ከአምናው ጋር ያልተመዛዘነ ነው ወይስ መድኃኒት ያልተሰጠው ነው? ኩላሊቱ ለታመመ ሰው ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ መድኃኒቱ ከዚህ ቀደም ተሰጥቶት እንደሆነና እንዳልሆነ የሚታወቅበት መዝገብ ነው። ስለዚህ ለምስሉ «የጥላ ልዩነት»፣ ለመድኃኒቱ «አድማቂ መድኃኒት»፣ ንጽጽርን ደግሞ ለጥንቱ ፍቹ ለማመዛዘን እንተወው እንላለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ግን «ገለበጠ» የሚለው ግስ ነው። በእያንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ ይጻፋል፤ ቅጂ ማለት ነው። ልብስ ሲገለበጥ ውስጡ ውጭ ይሆናል። መኪና ሲገለበጥ ጎማው ወደ ላይ ይሆናል። የሕክምና ምስል ማሳያ ሦስቱንም ሥራ ይሠራል፦ ምስሉን ይቀዳል፣ ጥቁሩን ነጭ ነጩን ጥቁር ያደርጋል፣ የምስሉንም ግራ ወደ ቀኝ ይመልሳል። «ገልብጥ» የሚል አንድ ቃል ለሦስቱም ሊበቃ ይችላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። መቅዳት ጉዳት የለውም። ጥቁርና ነጩ ቢለዋወጥ ሐኪሙ ወዲያው ያየዋል። ግራና ቀኙ የተቀያየረ የደረት ምስል ግን ልቡ በቀኝ ያለ ሰው ይመስላል፤ የጉልበት ወይም የእጅ ምስል ከሆነማ ምንም የሚያሳብቅ ምልክት የለውም። በሕክምና ምስል ልማድ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ፊት ለፊት እንደሚያይ ተቆጥሮ፣ የሕመምተኛው ቀኝ በማሳያው ግራ ይውላል። ይህ ራሱ ለጀማሪ የሚያደናግር ሆኖ ሳለ፣ በላዩ አሻሚ ግስ መጨመር አይገባም።

መፍትሔው ግሱን በሦስት መክፈል ነው፦ ለመጀመሪያው «ቅዳ»፣ ለሁለተኛው «ጥቁርና ነጭ አለዋውጥ»፣ ለሦስተኛው «ግራና ቀኝ አቀያይር»። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ረዘም ያሉ መሆናቸው ጉድለት አይደለም። የሚያሠጋ ቁልፍ ስሙ ሲረዝም ይሻላል፤ አንባቢው ከመጫኑ በፊት ቆም ብሎ ያነብበዋልና።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ሊነሣ የሚገባው የግራና የቀኝ ምልክት ነው። ራጅ የሚያነሣው ባለሙያ ከፊልሙ ጎን የእርሳስ ፊደል ያስቀምጣል፤ የላቲኑ «ኤል» ግራን፣ «አር» ቀኝን ያመለክታል። ይህ ፊደል ከምስሉ ጋር አብሮ ስለሚታተም ሊተረጎም አይችልም። ማሳያው በራሱ የሚጽፈውን ምልክት ወደ ፊደላችን ቢለውጠው፣ በአንድ ምስል ላይ ሁለት ዓይነት ምልክት ጎን ለጎን ይቆማል። እዚህ ላይ አለመተርጎም የተሻለ ትርጉም ነው።

፭. ስም፣ ፊደልና ዘመን

እስካሁን ያየነው የማሳያውን ቃላት ነው። በእያንዳንዱ ምስል ጥግ ላይ የሚጻፈው ግን የሕመምተኛው ስምና የልደት ዘመን ነው፤ ይህም በምርጫ ክፍሉ የሚወሰን ብዙ ነገር አለው።

ዳይኮም የሰውን ስም ሲመዘግብ አስቀድሞ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የግል ስም ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ሰው ግን የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም ነው ያለው። አንዱ መዝጋቢ የአባቱን ስም፣ ሌላው የአያቱን፣ ሦስተኛው የራሱን ስም በመጀመሪያው ሥፍራ ቢያስገባ፣ አንድ ሰው በሦስት ሰው ይቆጠራል፤ ወደ ባሕር ዳር በሪፈር ሲላክም የአምና ምስሉ አይገኝም። ስለዚህ «የቤተሰብ ስም» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቃሉን በትክክል ቢተረጉምም ነገሩን ይስተዋል። «የአባት ስም» ብሎ መተርጎምና ለመዝጋቢዎች ሁሉ አንድ ደንብ ማድረግ የተሻለ ነው።

ፊደሉም አለ። ደንቡ በተለይ ካልታዘዘ በቀር የሚያውቀው መሠረታዊውን የላቲን ፊደል ነው። የእኛን ፊደል ለመጻፍ ዩኒኮድን የሚቀበለው፣ «አይኤስኦ አይአር 192» የተባለው ምርጫ መታዘዝ አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ነው። ይህም ለአዊ ሕዝብ የተለየ ትርጉም አለው። ሮበርት ሄትዝሮን በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የደቡብ አገው የግስ ጥናቱ የመረመረው ይህ የኩሽ ቋንቋ፣ አማርኛ የሌለው የጉሮሮ ጥግና የአፍንጫ ድምፅ አለው። አውኚ ተናጋሪዎች የቋንቋቸውን ስም በራሳቸው ጽሕፈት «አውጚ» ብለው የሚጽፉት ለዚህ ድምፅ በተመደበው በ«ጘ» ዘር ነው። ፊደሉ በዩኒኮድ ስላለ ማሽኑ ሊጽፈው ይችላል፤ ነገር ግን ሆሄው የማይገኝበት የጽሕፈት ቅርጽ በማሳያው ከተመረጠ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሣጥን ይወጣል፤ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ጸሐፊ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል። የስም አጻጻፍ መለያየት በመዝገብ ቤት ቅሬታ ብቻ ያስነሣ ይሆናል፤ በምስል ማኅደር ግን የአንዱን ሕመም ለሌላው ሊሰጥ ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩ ከሁሉ ይልቅ ተደብቆ የሚሠራ ነው። የደንቡ የልደት ቀን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተወሰነ ነው፤ በሌላ አቆጣጠር ለሚጻፍ ቀን የተለየ ሥፍራ የተዘጋጀለት ኋላ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ዓመቱ ሳይቀየር ቢመዘገብ ማሽኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። የስምንት ዓመት ልጅ እጅ በራጅ ሲታይ በአጥንቶቹ ጫፍ ያለው የዕድገት መስመር ክፍት ነው፤ ይህም ጤናማ ነው። በማሳያው ጥግ «16 ዓመት» የሚል ከተጻፈ ግን ያው ጤናማ እጅ ዕድገቱ የዘገየ ሰው እጅ ሆኖ ይነበባል። «የልደት ቀን» የሚለው ትርጉም ስለዚህ አይበቃም፤ «የልደት ቀን (እ.ኤ.አ.)» ተብሎ ሊጻፍ ይገባል። ሦስት ፊደሎችና ሦስት ነጥቦች እዚህ ላይ የሐኪም ያህል ይሠራሉ።

፮. የስያሜ ሐሳብ

ከላይ የተደረሰበት በአጭሩ የሚከተለው ነው።

የተጠቃሚ ምርጫ — የአንድ አንባቢ ልማድ፤ ከሰውየው ጋር የሚሄድ።
ቅንብር — የመሣሪያው አሠራር፤ ከመሣሪያው ጋር የሚቀር።
ነባሪ — ካልተነካ ባለበት የሚቆይ።
የምስል አደራደር ደንብ — ምስሎች በማሳያው የሚሰለፉበት ሥርዓት።
ምርመራ፣ ተርታ፣ ምስል — ከሰፊው ወደ ጠባቡ የሚወርድ የመዝገብ ደረጃ። የመጀመሪያውን «ጥናት» ማለት ሕመምተኛው የምርምር ሥራ ተካፋይ የሆነ ያስመስለዋልና አይመከርም።
የጥላ ክልል፣ ስፋት፣ መሀል — ለግራጫው መስኮት።
የጥላ ልዩነት — ለምስሉ፤ አድማቂ መድኃኒት — ለሚሰጠው መድኃኒት፤ ንጽጽር — ለማመዛዘን።
ቅዳ፤ ጥቁርና ነጭ አለዋውጥ፤ ግራና ቀኝ አቀያይር — «ገልብጥ» በሚለው ፋንታ።
ራጅ፣ ሲቲ ስካን፣ ዳይኮም፣ የግራና የቀኝ የላቲን ምልክቶች — ሳይተረጎሙ የሚቀሩ።

መደምደሚያ

በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ ብሔራዊ አካዳሚ ተብሎ የተቋቋመው፣ ኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ለመሰየም ሲነሣ ያከራከረው ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነበር፦ ከግዕዝ እናውጣ፣ ካለው ቃል እናስፋ ወይስ እንዋስ? የራጅ ታሪክ የሚያስተምረን ሦስቱም መንገድ ሊያደርስ እንደሚችል ነው። የተዋስነው ራጅ ከማንኛውም ነባር ቃል ይልቅ አገሬው ሆኗል፤ ነባሩ ጨረር በራሱ መስክ ጸንቷል፤ ነባሪ ከጥንት ግስ ወጥቶ አዲስ ሥራ ይዟል።

ለእንዲህ ያለው መስክ ግን አራተኛ ጥያቄ መጨመር አለበት፤ ቃሉ ከየት መጣ ከማለት አስቀድሞ፣ በዚያው ማሳያ ላይ ከማን ጋር ይጋጫል ብሎ መጠየቅ። ንጽጽርም፣ መስኮትም፣ ገልብጥም ለየብቻቸው ሲታዩ የተዋጣላቸው አማርኛ ናቸው። ጉዳታቸው የሚታየው ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው የቃላት ዝርዝር ብቻ ተቀብሎ በጠረጴዛው ላይ ሊሠራው አይገባም፤ ምስል ከሚያነብበው ሐኪምና ራጅ ከሚያነሣው ባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ ቁልፉ ሲነካ ምን እንደሚሆን ማየት ይገባዋል። አውኚ ተናጋሪ ባለሙያዎችና የቋንቋ መምህራንም ለቋንቋቸው ተመሳሳዩን ዝርዝር ሲያዘጋጁ፣ የአማርኛውን ቃል ከመውረሳቸው በፊት በቋንቋቸው ውስጥ ከምን ጋር እንደሚጋጭ ይመረምሩት ዘንድ እናሳስባለን። አማርኛ ያስቸገረውን ግስ አውኚ ሦስት አድርጎ ይዞት ይገኝ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ከሆነም የሚማረው አማርኛ ይሆናል።